«አረንጓዴ ወረቀት የለም» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «አረንጓዴ ወረቀት የለም» የሚል ጽሑፍ ደረሰኝ። ሦስት ሰው ነው የላከልኝ። ሦስቱም አውቀው ነው። ዓመታት በማተሚያ ቤት የወረቀት ግዢ ላይ ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አንብቤ ዝም እንደማልል ያውቃሉ። አልተሳሳቱም።

ላላነበበው ሰው የጽሑፉን ሐሳብ ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ የዓለምን ደን የጨረሰው ወረቀት ነው። ሁለተኛ፣ እንጨቱ በደንብ ከሚተዳደር ደን መምጣቱን ለመመስከር ወረቀት ላይ የሚታተመው የደን ምልክት በገንዘብ የሚገዛ ነው። ሦስተኛ፣ ያገለገለ ወረቀትን መልሶ መጠቀም ብቻውን ይበቃል። አራተኛ፣ ስክሪን እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል? አምስተኛ፣ ገዢው ግድ ስለሌለው ይህ ገበያ አያድግም። ስድስተኛ፣ ምልክቱ ትንሹን የደን ባለቤት ከገበያ ያስወጣል። መደምደሚያቸው «ምልክቱን ስታዩ ፊታችሁን አዙሩ» የሚል ነው።

ጽሑፉ ግሩም ነው፤ ቋንቋው ይጣፍጣል። ንዴታቸውም ከልብ ነው፣ ግማሹን እኔም እጋራለሁ። የማልስማማው ከንዴቱ ቀጥሎ በሰጡት ምክር ነው። በየተራ ልሂድበት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የዓለምን ደን የጨረሰው ወረቀት ነው»

ለወረቀት ዛፍ መውደቁ እውነት ነው። ጥያቄው ዛፉ ከወደቀ በኋላ መሬቱ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ዛፍ መቁረጥና ደን መመንጠር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዛፍ የቆረጠ ሰው መልሶ ከተከለ፣ ወይም ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ከተወው፣ ቦታው ደን ሆኖ ይቀጥላል። ደን የመነጠረ ሰው ግን መሬቱን እርሻ ወይም ግጦሽ አድርጎታል። ጸሐፊው ሁለቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያደባለቁ ነው የሄዱት።

መንጣሪው ማን እንደሆነ ደግሞ የታወቀ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ከ2015 እስከ 2020 በዓለም ላይ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ሄክታር ደን ይመነጠር እንደነበር ገምቷል። ይኸው ድርጅት ከ2000 እስከ 2018 ያለውን ጊዜ በሳተላይት ምስል አጥንቷል። ለምንጠራው 90 በመቶ ገደማ ምክንያቱ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት ሆኖ ተገኘ። አኩሪ አተር፣ ፓልም ዘይት፣ የቀንድ ከብት። በዓለም ላይ ከሚቆረጠው እንጨት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ይነዳል፤ ለማገዶና ለከሰል ማለት ነው። ወረቀት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው።

ወረቀትን ነጻ ላወጣው ግን አልፈልግም። በኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት ለፐልፕ፣ ማለትም ወረቀት ለሚሠራበት የእንጨት ቃጫ፣ ሲባል የተሠራውን ማንም አይክደውም። የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ በምትኩ አካሻ የተባለ ዛፍ ተተከለ። ከዚያ የከፋው መሬቱ ነው። ረግረግ ነው፤ ከሥሩ ያለው ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ የተከማቸ ቅጠልና እንጨት ነው። ለመትከል ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ሲወጣ ያ ክምችት ይደርቃል። ሲደርቅ አፈሩ ራሱ ይነዳል። በ2015 በኢንዶኔዥያ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ተቃጥሎ የዓለም ባንክ ጉዳቱን 16 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። ጥፋቱ የፐልፕ ብቻ አይደለም፤ የፓልም እርሻውም አለበት። ፐልፕ ግን እጁ ንጹሕ አይደለም።

እኔና ጸሐፊው የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። እሳቸው «ስለዚህ አትግዙ» ይላሉ። እኔ «ስለዚህ ከየት እንደመጣ ሳትጠይቁ አትግዙ» እላለሁ። ለአንባቢ ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ደን ላለው ሰው ግን ትልቅ ነው። ጎረቤቱ መሬቱን ለአኩሪ አተር እያከራየ ገንዘብ ሲቆጥር፣ እሱ ዛፉን እያየ አይቀመጥም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ገቢ የማያስገባ ደን አጥሩን የሚነቀንቀው ብዙ ነው፤ አንዳንዴ ነቅናቂው ባለቤቱ ራሱ ነው።

የፊንላንድን ደን ተመልከቱ። ጥዱ ለመጨረሻው ቆረጣ እስኪደርስ 60 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። አያት የተከለውን የልጅ ልጅ ይቆርጠዋል። መሃል ላይ ግን ደኑ በየጊዜው ይሳሳል። ቀጫጭኑ እየተለቀመ ለወፍራሙ ቦታ ይለቀቅለታል። ወፍራሙ ግንድ ዋጋው ስለሚበልጥ ለጣውላ ይሸጣል። ወደ ፐልፕ የሚሄደው ባብዛኛው ቀጭኑ እንጨትና ከመሰንጠቂያ የሚተርፈው ስብርባሪ ነው። ወረቀት ገዢ ከሌለ ያንን ቀጭን እንጨት ማን ይወስደዋል? እዚያም ቢሆን ሁሉ ሰላም ነው አልልም። ቆረጣው በዝቷል የሚል ክርክር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተካሯል፤ ክርክሩም መሠረት አለው።

«የባሕር ዛፍ ተከላ ደን አይባልም» ሲሉ ግን እጄን አነሳለሁ። በብራዚል ለፐልፕ የሚተከለው ባሕር ዛፍ በ7 ዓመት ገደማ ይቆረጣል። ይህ ከደን ይልቅ ለበቆሎ ማሳ ይቀርባል። ቁም ነገሩ ተከላው የመጣው ምን ተመንጥሮ ነው የሚለው ነው። ይህ ደግሞ በቀጥታ ወደ ምልክቱ ይወስደናል።

«ምልክቱ በገንዘብ የሚገዛ ነው»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ እንጀራዬ የነበረ ጉዳይ ነው።

በ1992 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት ስለ ደን የሚያስገድድ ስምምነት መፈረም አቃታቸው። የወጣው ማንንም የማያስገድድ የመርህ መግለጫ ነበር። በዚያው ሰሞን በብሪታንያ አንዳንድ ቸርቻሪዎች ከተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቱ ከደብሊው ደብሊው ኤፍ ጋር ሆነው ቃል ገብተው ነበር። እስከ 1995 ድረስ የሚሸጡትን እንጨት በሙሉ በደንብ ከሚተዳደር ደን ለማምጣት ነው። ችግሩ «በደንብ የሚተዳደር» ማለት ምን እንደሆነ የሚለካ አልነበረም። ቅጠል ሥሎ «ደን ወዳድ ነኝ» ማለት ለማንም ቀላል ነበር። የምልክቱ ባለቤት ፎረስት ስቱዋርድሺፕ ካውንስል፣ ባጭሩ ኤፍ ኤስ ሲ፣ በ1993 የተመሠረተው በዚህ መሃል ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ገዢ ጠየቀ፤ ምልክቱ ከጥያቄው በኋላ መጣ። ጸሐፊው ግን ነጋዴ ተሰብስቦ ገዢን ለማታለል የፈጠረው አድርገው ነው የተረኩት።

ድርጅቱ ውስጥ ድምፅ የሚሰጡት አባላት በሦስት ጎራ የተከፈሉ ናቸው። አንዱ የአካባቢ ጥበቃ፣ አንዱ የማኅበራዊ ጉዳይ፣ አንዱ የንግድ። የሦስቱም ድምፅ እኩል ይመዝናል። ኩባንያዎቹ ብቻቸውን ሕግ ላውጣ ቢሉ አይሆንላቸውም። ሌላው ትልቅ ምልክት ፒ ኢ ኤፍ ሲ በ1999 የመጣ ሲሆን፣ የየአገሩን መመዘኛ ገምግሞ ዕውቅና የሚሰጥ ነው። የሁለቱ ፉክክር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ዛሬ አልነካካውም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። መርምሮ ምስክር ወረቀት ለሚሰጠው ኦዲተር የሚከፍለው ኦዲት የሚደረገው ኩባንያ ነው። ጸሐፊው ይህን ሲሉ እውነታቸውን ነው። ደካማ ጎን ነው፣ መሸፋፈን አያስፈልገውም። ያልነገሩን ግን ሌላም አለ። የምስክር ወረቀቱ ለ5 ዓመት ቢሰጥም በየዓመቱ ፍተሻ አለ። ኦዲተሮቹን የሚፈትሽ ሌላ አካል አለ። የደኑ ኦዲት ማጠቃለያ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ቅሬታ ያለው ሰው አንብቦ መክሰስ ይችላል። ይበቃል? እኔን ከጠየቃችሁኝ አይበቃም። ክፍያው በጋራ ቋት በኩል ቢያልፍና ኩባንያው ኦዲተሩን ራሱ ባይመርጥ ደስ ይለኝ ነበር። ይህ ግን ምልክቱን የማጥበቅ ጥያቄ ነው። የማጥፋት አይደለም።

ጸሐፊውን በጣም ያናደዳቸው «ሚክስ»፣ ማለትም ድብልቅ፣ የሚለው ምልክት ነው። «ግማሹ የት እንደተቆረጠ የማይታወቅ እንጨት» ብለውታል። ይህ ስህተት ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚደግመው በደንብ ላስረዳ።

የፐልፕ ፋብሪካ ሌሊትና ቀን የሚሠራ ነው። ከመቶ ደኖች የመጣ ስንጥር እንጨት እየተቀላቀለ ወደ አንድ ማብሰያ ይገባል። የአንዱን ደን ስንጥር ከሌላው ለይቶ ማብሰል የሚቻለው ፋብሪካውን አቁሞ በማጠብ ነው። ማንም አያደርገውም። ስለዚህ የገባው የተረጋገጠ እንጨት መጠን ይመዘገባል፤ በምልክት የሚሸጠውም ከዚያ እንዳይበልጥ ይደረጋል። በአንደኛው ስሌት ቢያንስ 70 በመቶው ከተረጋገጠ ደን ወይም ካገለገለ ወረቀት መሆን አለበት። ቀሪው እንደፈለገ የሚገባ አይደለም። አምስት ነገር ይጣራበታል፦ በሕገ ወጥ መንገድ የተቆረጠ እንዳይሆን፣ የነባር ሕዝቦችና የሠራተኞች መብት ተጥሶ እንዳይሆን፣ ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልገው ደን እንዳይሆን፣ የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ እንዳይሆን፣ ዘረመሉ ከተለወጠ ዛፍም እንዳይሆን። ይህ ማጣራት ከሙሉው ኦዲት የላላ ነው፤ አልክድም። «የት እንደተቆረጠ የማይታወቅ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ተከላም ሕግ አለ። ከኅዳር 1994 በኋላ የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቦታ በኤፍ ኤስ ሲ ምስክር አያገኝም ነበር። ይህ መስመር በቅርቡ ወደ 2020 መጨረሻ ተገፍቷል፤ በመሃል የመነጠረ ኩባንያ የጎዳውን ደንና ሕዝብ ካልካሰ አይገባም በሚል ቅድመ ሁኔታ። ጸሐፊው ይህን ቢጠቅሱ ኖሮ ጠንካራው ክርክራቸው ይሆን ነበር። እኔም መስመሩ መነካቱ አልተመቸኝም።

ምልክቱ መሬት ላይ ለውጥ አመጣ ወይ? መልሱ አንድ አይደለም። በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት በጋቦንና በኮንጎ ሪፐብሊክ 14 የቆረጣ ቦታዎችን አነጻጽሯል። እንስሳ ሲያልፍ በራሱ በሚያነሳ ካሜራ 1.3 ሚሊዮን ፎቶ ተነሥቷል። ኤፍ ኤስ ሲ ባለበት ደን አጥቢ እንስሳት 1.5 እጥፍ ያህል በዝተው ታዩ። ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝኑት፣ እነ ዝሆንና ጎሪላ፣ ደግሞ 2.7 እጥፍ። ምክንያቱ ተአምር አይደለም። ቆረጣ ያለቀበት መንገድ ይዘጋል፤ አዳኝ በመኪና አይገባም። በሩ ላይ ፍተሻ አለ። ለሠራተኛው ሌላ ሥጋ ስለሚቀርብለት ከጫካ አያድንም። በሌላ በኩል በ2018 የታተመ የሜክሲኮ ጥናት ምስክር ወረቀቱ ምንጠራን በመቀነስ ረገድ ይህ ነው የሚባል ውጤት አላገኘበትም። ሁለቱንም ነው የምነግራችሁ። ጋቦን ላይ የተለካው እንስሳ ነው፣ ሜክሲኮ ላይ የተለካው የደን ስፋት ነው። ምስክር ወረቀት ሊያደርግ የሚችለው ነገር አለ፤ የማይችለውም አለ።

«በገንዘብ የሚገዛ» ለሚለው ግን አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። ሩሲያ በአንድ ወቅት በኤፍ ኤስ ሲ ከተረጋገጠ ደን በስፋት የዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ ነበረች። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር በሩሲያና በቤላሩስ የነበረው የኤፍ ኤስ ሲ ንግድ ተቋረጠ። ፒ ኢ ኤፍ ሲም የሁለቱን አገሮች እንጨት «የግጭት እንጨት» አለው። በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሄክታር ከመዝገቡ ወጣ፤ ክፍያውም አብሮ ሄደ። ገንዘብ ብቻ የሚያሳስበው ድርጅት እንዲህ አያደርግም።

«መልሶ መጠቀም ብቻውን ይበቃል»

ቢበቃማ ምንኛ ደስ ባለን።

ወረቀት ማለት የተጠላለፈ ቃጫ ነው። ቃጫው በውሃ ተፈትቶ እንደገና ወረቀት ሲሆን ያጥራል፤ በደረቀ ቁጥርም ግትር ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከ5 እስከ 7 ዙር ነው። ከዚያ በኋላ በወንፊቱ ያልፍና ከቆሻሻው ጋር ይወጣል። ደግሞ ከገበያ የማይመለስ ወረቀት አለ። የሽንት ቤት ወረቀት አይመለስም። መደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ ለሃምሳ ዓመት አይመለስም፤ ባይመለስም ይሻላል። ስለዚህ ሥርዓቱ ከአንድ ቦታ አዲስ ቃጫ ካልገባለት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይነጥፋል። ያገለገለው ወረቀት ራሱ በመጀመሪያ ዙሩ ዛፍ ነበር።

«ከገለባና ከሸንኮራ አገዳ ገለፈት ይሠራ» የሚለውም ሐሳብ ጽሑፉ ውስጥ አለ። ይሠራል፤ በቻይናና በሕንድ ሲሠራ ኖሯል። ገለባ ግን ሲሊካ የተባለ፣ አሸዋ ውስጥ ያለ ማዕድን ይበዛዋል። የእንጨት ፐልፕ ፋብሪካ ከማብሰያው የሚወጣውን ጥቁር ፈሳሽ አቃጥሎ ጉልበት ያመነጫል፣ ኬሚካሉንም መልሶ ያገኛል። የገለባው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ሲሊካ ይህን መሣሪያ ይደፍነዋል። በዚህ የተነሳ ብዙ ትንንሽ የገለባ ፋብሪካዎች ፈሳሹን ወንዝ ውስጥ ደፍተውታል። መፍትሔ እየተፈለገለት ነው። እስከዚያው ግን «ዛፍ አልነካም» ማለት ብቻውን ንጹሕ አያደርግም።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ለጋዜጣና ለካርቶን ያገለገለው ወረቀት ይቅደም። ጥንካሬ ወይም ንጣት ሲያስፈልግ አዲሱ ቃጫ ከተረጋገጠ ደን ይምጣ። ሁለቱን ተፎካካሪ ማድረጋቸው አልገባኝም።

«ስክሪን እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል?»

አጭር መልስ። ደብዳቤው ኢሜይል ሆነ፤ በስልክ ያዘዝነው ዕቃ ግን በካርቶን ነው የሚመጣው። የጋዜጣ ወረቀት ወረደ፣ የማሸጊያው ወጣ። ዛሬ በዓለም ከሚመረተው ወረቀት ከግማሽ በላዩ ማሸጊያ ነው። ስክሪኑም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተጥሎ፣ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። አላስፈላጊ ነገር አታትሙ ካሉ እስማማለሁ። እኔም ኢሜይል የሚያትም ሰው ሳይ ያመኛል።

«ገዢው ግድ የለውም፣ ገበያው አያድግም»

የጽሑፉ ደካማ ክፍል ይህ ነው። ጸሐፊው ገዢ ሲሉ የሚያስቡት ሱቅ ገብቶ ደብተር የሚመርጥ ሰው ነው። ያ ሰው ምልክቱን አያይም ካሉ ልክ ናቸው፤ እኔም ለራሴ ስገዛ ሁልጊዜ አላይም። የወረቀት ገበያ ግን በእሱ አይወሰንም። የሚወሰነው በቶን በሚገዙት ነው። አሳታሚ፣ ማተሚያ ቤት፣ የማሸጊያ ፋብሪካ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ከእነዚህ አንዱ ጨረታው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨምር፣ አንድ ሚሊዮን ደብተር ገዢ ሊያደርግ ከሚችለው በላይ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። በ2007 የሃሪ ፖተር የመጨረሻ ቅጽ በአሜሪካ ሲታተም የመጀመሪያው እትም 12 ሚሊዮን ቅጂ ነበር። አሳታሚው ለዚህ ካዘዘው 16,700 ቶን ወረቀት 65 በመቶው በኤፍ ኤስ ሲ የተረጋገጠ እንዲሆን ጠየቀ። ያንን መጽሐፍ ለመግዛት የተሰለፈ ልጅ ስለ ምልክቱ ምንም አያውቅም። ማወቅም አላስፈለገውም።

የተገላቢጦሹም ይሠራል። ኤዥያ ፐልፕ ኤንድ ፔፐር የተባለው ግዙፍ ኩባንያ በሱማትራ ደን ምንጠራ ስሙ ሲነሳ ነበር። ኤፍ ኤስ ሲ በ2007 ግንኙነቱን አቋረጠ። በ2008 የቢሮ ዕቃ ቸርቻሪው ስቴፕልስ መግዛት አቆመ። በ2011 አሻንጉሊት አምራቹ ማቴል ለማሸጊያው ከዚያ ዓይነት ምንጭ እንዳይገዛ አቅራቢዎቹን አዘዘ። በየካቲት 2013 ኩባንያው የተፈጥሮ ደን መመንጠር አቁሜያለሁ አለ። ቃሉን ምን ያህል ጠበቀ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ግን ያ ቃል ከምን መጣ? ወረቀት መግዛታቸውን ካቆሙ ሰዎች አልመጣም። ከሌላ ቦታ መግዛት ከጀመሩ ደንበኞች ነው የመጣው። ወረቀት ጨርሶ የማይገዛ ሰው ለአቅራቢ ደንበኛው አይደለም፤ ቢቆጣም አይሰማውም።

ሕጉም እየገፋ ነው። አሜሪካ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘ የዱር እንስሳ እንዳይነገድ የሚከለክለውን የ1900ውን የሌሲ ሕግ በ2008 አሻሽላ በሕገ ወጥ መንገድ በተቆረጠ እንጨት የተሠራ ወረቀትን ጨምራበታለች። የአውሮፓ ኅብረት የእንጨት ደንብ በ2013 ሥራ ላይ ዋለ። በ2023 የጸደቀው አዲሱ ደግሞ እንጨቱ የተቆረጠበትን ቦታ በካርታ ነጥብ ያስጠይቃል፤ ምንም እንኳን ተፈጻሚነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘም።

ዋጋስ? ምልክት ያለው ወረቀት ውድ ነው ይላሉ ጸሐፊው። የውድነቱን አንዱን ምክንያት ከመጋዘን ወገን ልንገራቸው። የወረቀት ነጋዴ ዕቃውን የሚያስቀምጠው በግራምና በመጠን ነው። 80 ግራም፣ 100 ግራም፣ ትልቁ ገጽ፣ ትንሹ ገጽ። ለእያንዳንዱ የተረጋገጠና ያልተረጋገጠ ልያዝ ካለ መደርደሪያው እጥፍ ይሆናል፤ የታሰረ ገንዘቡም እንደዚያው። ስለዚህ የተረጋገጠውን በትዕዛዝ ብቻ ያመጣል። በትዕዛዝ የሚመጣ ነገር ደግሞ ይወደዳል፣ ይዘገያል። ጠያቂው ሲበዛ ግን ነጋዴው ያስብና ያልተረጋገጠውን መያዝ ይተዋል። ያን ጊዜ ልዩነቱ ይጠባል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ዓይነት ወረቀት «ልዩ ትዕዛዝ» ከመባል ወደ ተራ ዕቃነት ሲወርድ ማንም ድግስ አልደገሰም፤ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ጠፋ፣ በቃ።

ሌላው ማነቆ ሰንሰለቱ ነው። ከደኑ እስከ ማተሚያ ቤቱ ወረቀቱን በባለቤትነት የሚቀባበለው ሁሉ ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። መሃል ላይ አንዱ ከሌለው ወረቀቱ ያው ወረቀት ሆኖ ሳለ የመጨረሻው አታሚ ምልክቱን ማተም አይችልም። ብዙ ጥሩ ወረቀት ስሙን የሚያጣው ጫካ ውስጥ አይደለም፤ መጋዘን ውስጥ ነው። ገበያውን ማሳደግ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እነዚህን የተበጠሱ ቀለበቶች ቢቀጥል ይሻለዋል።

«ትንሹ የደን ባለቤት ይገፋል»

በዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም። ኦዲት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ለ20 ሄክታር ባለቤትና ለ200 ሺህ ሄክታር ባለቤት ክፍያው በሄክታር ሲሰላ አንድ አይደለም። የተረጋገጠው ደን አብዛኛው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም። ኦዲቱ የሚፈልገው ካርታና የይዞታ ማረጋገጫ ነው፤ እነዚህ ያሉት እዚያ ነው። ደኑ ይበልጥ አደጋ ላይ ያለው ግን በሐሩር አካባቢ ነው።

የቡድን ምስክር ወረቀት የሚባል መንገድ አለ። ብዙ ባለቤቶች በአንድ አስተባባሪ ሥር ይሆናሉ፤ ኦዲተሩ ሁሉንም ሳይሆን ናሙና ወስዶ ያያል፣ ወጪውን ይካፈሉታል። ለትንንሽና ቀስ ብሎ ለሚቆረጥባቸው ደኖች የቀለለ መመዘኛም አለ። ይረዳል፤ ግን ገዢው ለእነሱ እንጨት ቃል ካልገባ ወጪውን ማን ይደፍራል? ጸሐፊው ለትንሹ ባለቤት አዝነው ሲያበቁ ምልክቱን ግን እንዳንገዛ ይመክሩናል። ከዚያ በኋላ እንጨቱን ለማን እንዲሸጥ ነው?

«ምልክቱን ስታዩ ፊታችሁን አዙሩ»

ፊታችሁን ከምታዞሩ እሽጉን አዙሩት። ከኤፍ ኤስ ሲ ምልክት አጠገብ በሲ ፊደል የሚጀምር ባለስድስት አሃዝ ቁጥር አለ። ያንን ቁጥር የድርጅቱ የሕዝብ መዝገብ ላይ ማንም ሰው ገብቶ ሊፈልገው ይችላል። የማን እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚሸፍን፣ እየሠራ ነው ወይስ ተቋርጧል የሚለው ይወጣል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ በጥሩ ዋጋ ወረቀት አመጣልን። ምልክቱ እሽጉ ላይ ፏ ብሎ ተቀምጧል። ቁጥሩን ፈለግኩት፤ የአቅራቢው ምስክር ወረቀት ከተቋረጠ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ስነግረው ተቆጣ። «ወረቀት ወረቀት ነው፤ ልትጽፍበት ነው ወይስ ልታመልከው?» አለኝ። ግዢው ቀረ። አለቃዬም ደስ አላለውም፤ በውድ ከሌላ ቦታ ስለገዛን ለሳምንት ያህል አኮረፈኝ።

ከስድስት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ ነጋዴው ተመልሶ መጣ። ናሙናውን ሳያወጣ በፊት ከቦርሳው አንድ የታተመ ገጽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከመዝገቡ ላይ ያተመው ነው፤ የራሱ ድርጅት ስም፣ አዲስ ቁጥር፣ «የሚሠራ» የሚል ቃል። ሌሎች ሁለት ማተሚያ ቤቶችም ያንኑ ጥያቄ ጠይቀውት ኖሯል።

«አሁንስ?» አለኝ፣ ገና ሳይቀመጥ።